ባናና ብሬድ ሁሌ ይደርቅብኛል፣ መሀሉም ይሰምጣል፣ ምን እያጠፋሁ ነው?

አያት_ኮንዶሚኒየም

ሰላም እንዴት ናችሁ ቤተሰቦች። የባናና ብሬድ ነገር አድክሞኛልና የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። እናቴ ከኔ ጋር ነው የምትኖረው፣ የጥርስ ችግር ስላለባት ደረቅ ዳቦ አትችልም፣ ቆሎማ ከተወች ቆየች፣ እና ጠዋት ከቡናዋ ጋር ለስለስ ያለ ነገር እንድታገኝ ብዬ ነው ይሄን ነገር የጀመርኩት። እስካሁን አምስት ጊዜ ጋግሬያለሁ አምስቱም ደረቀብኝ። ሽታው ቤቱን ይሞላዋል፣ ኦቨን ውስጥ እያለ በመስታወቱ ሳየው መጀመሪያ ተነፍቶ ተነፍቶ ደስ ይላል፣ ከዛ እዛው እያየሁት መሀሉ ወደታች ይገባል። ስቆርጠው ዳር ዳሩ ደረቅ ነው፣ በማግስቱ ደሞ ቢላዋ ሲነካው ይፈረፈራል። ትናንት እናቴ ምንም ሳትለኝ ቡናዋ ውስጥ እየነከረች ስትበላው አይቼ በጣም አዘንኩ።

የማደርገውን ልንገራችሁ። ሪሲፒውን ያገኘሁት ዩቲዩብ ላይ ከአንድ አሜሪካዊት ነው፣ 3 ሙዝ፣ 2 ካፕ ፉርኖ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ 1 ካፕ ስኳር፣ 2 እንቁላል፣ ግማሽ ካፕ ቅቤ፣ 175 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት። እህቴ ከውጭ የምግብ ቴርሞሜትር ልካልኛለች፣ ሪሲፒው መሀሉ 96 ዲግሪ ሲደርስ አውጪው ይላል፣ እኔ ጋ ግን ሰዓቱ ካለፈም በኋላ 91፣ 92 ላይ ቆሞ አልንቀሳቀስ ይላል እና ሌላ 20 አንዳንዴም 25 ደቂቃ እጨምርለታለሁ። ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ ይሆን? ሙዙ የአርባ ምንጭ ነው፣ ከሰፈር ጉልት ነው የምገዛው፣ ጥሩ ቢጫ ነው። ኦቨኑ የኤሌክትሪክ ነው።

ከዱባይ_ተመላሽ

እህቴ ቴርሞሜትርሽ ምንም አልሆነም፣ እውነቱን ነው የሚነግርሽ! አሁን ተነሺና ድስት ላይ ውሃ ጥደሽ ሲንተከተክ ክተቺው፣ እዛም 92 አካባቢ ላይ ነው የሚቆመው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ምናምን ነው፣ አያት ደሞ ከመሀል ከተማው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ስለዚህ እኛ ጋ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ነው የሚፈላው። ሊጡ ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ መሀሉ ከ92 አያልፍም፣ 96 እስኪል ከጠበቅሽው ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ጠበቅሽው ማለት ነው። ያ የምትጨምሪው 25 ደቂቃ ነው እናትሽን ቡና ውስጥ የሚያስነክራት። 88 እና 90 መሀል ሲሆን አውጪው፣ ስቴኪኒ ወግተሽ ስታወጪው ትንሽ እርጥብ ፍርፋሪ ይዞ ከወጣ በቃ ደርሷል፣ ጥሬ ሊጥ ከያዘ ብቻ ነው የምትመልሺው።

እኔ ዱባይ ሰባት ዓመት ሰው ቤት ስሠራ በየሐሙሱ እጋግረው ነበር፣ ልጆቹ ሌላ ኬክ አይበሉም ነበር፣ ዓይኔን ጨፍኜም አልስተውም ነበር። ቤቴ ገብቼ ለቤተሰቤ በዛው ልኬት ስጋግር ሰመጠ። አለቀስኩ ብልሽ አታምኚኝም፣ ምክንያቱም እዛ የተማርኩት ሙያ እዚህ የማይሠራ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን ዱባይ ባህር ዳርቻ ላይ ናት፣ የዛች አሜሪካዊት ሪሲፒም እንደ አብዛኛው ሪሲፒ ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፈ ሳይሆን አይቀርም። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ከሶዳው የሚወጣው ጋዝ ከልኩ በላይ ይነፋል፣ ሊጡ ገና ሳይጠነክር ቶሎ ወደላይ ይሄድና መሸከም ሲያቅተው ይወርዳል፣ ያ በመስታወት የምታይው እሱ ነው።

ስለዚህ እኔ የቀየርኩትን ልስጥሽ። ሶዳውን ከ1 የሻይ ማንኪያ ወደ ሦስት አራተኛ፣ እንዳውም ትንሽ ጎደል አድርጊው። ስኳሩን ከ1 ካፕ ወደ ሦስት አራተኛ ካፕ ቀንሺ፣ ስኳር ሲበዛ ሊጡ ቶሎ አይጠነክርም፣ ሙዙ በደንብ ከበሰለ ደሞ ጣፋጭነቱ አይጎድልብሽም። ሩብ ካፕ እርጎ ጨምሪ፣ እርጎው እርጥበት ይሰጣል፣ ኮምጣጣነቱ ደሞ ሶዳውን ያሠራዋል። ኦቨኑን 185 አድርጊው፣ ቶሎ እንዲጠነክር ነው፣ ግን 45 ደቂቃ ላይ ማየት ጀምሪ።

እማማ_ድፎ

ልጄ እናትሽን ስለምታስቢ እግዚአብሔር ይባርክሽ። የልጆቹን የዲግሪ ነገር እኔ ብዙ አልገባበትም፣ ግን ዳቦ ሳይደርቅ መጋገር ከሆነ አርባ ዓመት ድፎ ጋግሬያለሁና የማውቀውን ልንገርሽ። ኮባ ፈልጊ። ኮባ ካጣሽ የሙዝ ቅጠልም ይሆናል። እጠቢውና እሳት ላይ ለብለብ አድርጊው፣ ያኔ ይለሰልስና ሳይሰበር ይታጠፍልሻል፣ ከዛ መጋገሪያሽን ከሥር እና ከጎን አልብሺበት፣ ጫፉ ተርፎ በላይ ይታጠፍ። ሊጡን ገልብጠሽ መጀመሪያ ግማሹን ሰዓት ላዩን በዛው በኮባ ሸፍኚው፣ ከዛ ግለጪለትና ይቅላ። ድፎ ለምን ጎኑ ለስላሳ ሆኖ ይወጣል፣ ኮባው ነዋ፣ እንፋሎቱን ይዞ ያስቀርለታል፣ ብረቱ ደሞ በቀጥታ አይነካውም። ሽታውም ልዩ ነው፣ እናትሽ ገና ስትገልጪው ታውቀዋለች።

ሌላው፣ ዱቄቱ ከገባ በኋላ አታሽው። እናንተ ልጆች በማሽን ረጅም ሰዓት ትመቱታላችሁ፣ የስንዴ ሊጥ ሲታሽ ጅማት ያወጣል፣ እሱ ለድፎ ነው የሚያስፈልገው፣ ለዚህኛው ግን አይሆንም። በእንጨት ማንኪያ አንድ አሥር አሥራ አምስት ጊዜ አገላብጠሽ ነጩ ዱቄት ሲጠፋ ተዪው፣ ጓጉሎ ቢታይሽም አትጨነቂ። ቅቤሽ ደሞ ንጥር እንዳይሆን፣ ኮሰረትና ኮረሪማ ያለበት ቅቤ ሙዝ ላይ አይሆንም፣ ለጋ ይሁን። ሲበስል እዛው መጋገሪያው ውስጥ ሸፍነሽ እስኪቀዘቅዝ ተዪው።

ቦሌ_ኬክ_ቤት

ኬክ ቤት ነው የምሠራው፣ ዳቦና ኬክ ሥራዬ ነው። ከላይ የተባለው ከፍታ ነገር መቶ በመቶ ትክክል ነው፣ እኔ ግን አንድ ሌላ ነገር ነው የታየኝ፣ ዱቄትሽ። 2 ካፕ ስትይ ካፑን ዱቄቱ ውስጥ ነክረሽ ነው የምትሞዪው ወይስ በማንኪያ ነው? ነክረሽ ከሞላሽው አንድ ካፕ እስከ 150 ግራም ይገባል፣ በማንኪያ ረጭ ረጭ አድርገሽ ሞልተሽ በቢላዋ ጀርባ ከጠረግሽው 125 አካባቢ ነው። በሁለት ካፕ ላይ 50 ግራም ትርፍ ዱቄት ማለት ነው፣ ያ ትርፍ ዱቄት የሙዙን ውሃ ጠጥቶ ይጨርሰዋል። ትንሽ የኩሽና ሚዛን ካለሽ 250 ግራም መዝኚና ካፑን እርሺው።

ሙዝም እንደዛው። "3 ሙዝ" ምንም አይነግርም፣ የአሜሪካኑ ሙዝ ትልቅ ነው፣ ከጉልት የሚገዛው አንዳንዴ ግማሹን ያህላል። ተልጦ 350 እስከ 400 ግራም ይሁን፣ ካስፈለገ 4ም 5ም ይግባ። "ጥሩ ቢጫ ነው" ያልሽው ደሞ ለመብላት ነው ጥሩ። ጉልት ላይ ያለው አንዳንዱ ቶሎ እንዲቀላ በጭስ የተደረገ ስለሆነ ላዩ ቢጫ ሆኖ ውስጡ ገና ስታርች ነው፣ ስታርች ደሞ ውሃ ይጠጣል እንጂ አይሰጥም። ልጣጩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ በዝቶ፣ ስትነኪው ጣትሽ ሰመጥ የሚል፣ ሽታው ከሩቅ የሚመጣ መሆን አለበት። ከበሰለ አቮካዶ ጋር በወረቀት ከረጢት ጠቅልለሽ ሁለት ሦስት ቀን አስቀምጪው፣ አቮካዶው የሚያወጣው ጋዝ ያበስለዋል። ሲጠቁርብሽ አትጣዪው፣ ፍሪዘር ውስጥ ክተቺው፣ በረዶው ሲለቅ ራሱ ፈሳሽ ሆኖ ይወጣል፣ ያንን ፈሳሽ እንዳትደፊው፣ እሱ ነው ዋናው።

ቅቤውን በዘይት ቀይሪው ባይ ነኝ። ቅቤ ጣዕሙ ይበልጣል፣ አልክድም፣ ግን ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ እና በማግስቱ አፍ ላይ ደረቅ ይመስላል። ዘይት አይረጋም። ግማሽ ግማሽ ማድረግም ይቻላል፣ እኔ ቤቴ እንደዛ ነው የማደርገው።

እማማ ይቅርታ ያድርጉልኝና በአንድ ነገር ብቻ አልስማማም፣ መጋገሪያው ውስጥ እስኪቀዘቅዝ መተው ጥሩ አይደለም፣ እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ውሃ ሆኖ ከሥሩ ይጠራቀምና ሥሩ ይበሰብሳል። 10 ደቂቃ ብቻ ይቆይና ይውጣ፣ ለብ ሲል ነው በንጹህ ጨርቅ የሚጠቀለለው። ፍሪጅ ውስጥም አታስገቢው፣ ፍሪጅ ዳቦን ቶሎ ነው የሚያደርቀው። ኮባው ግን ግሩም ሀሳብ ነው፣ እኔ ራሴ እሞክረዋለሁ።

እማማ_ድፎ

ልክ ነህ ልጄ፣ እኔ ያልኩት በድፎ ልማድ ነው፣ ድፎ ወፍራም ስለሆነ ይችላል። ይሄ ቀጭን ነው፣ ብታወጣው ይሻላል።

ጾመኛ_21

ለጾምስ? እንቁላልና እርጎ ሳይገባ እርጥብ ይሆናል? እኔ ዝም ብዬ እንቁላሉን አውጥቼ ጋግሬው እንደ ድንጋይ ነው የሆነው

እማማ_ድፎ

ተልባ ልጄ ተልባ። ቆልተሽ የፈጨሽው ካለ አንድ የሾርባ ማንኪያ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጠሽ አሥር ደቂቃ አስቀምጪው፣ እንደ እንቁላል ነጭ ይዝለገለጋል፣ ያ ለአንድ እንቁላል ነው። በእርጎው ፋንታ ውሃ ላይ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ በቅቤው ፋንታ ዘይት። ተልባ ውሃ ይይዛል፣ እኔ እንዳውም ከፍስኩ የጾሙ ይለሰልስብኛል። ቀለሙ ጠቆር ይላል እንጂ ሌላ ምንም የለውም።

ከዱባይ_ተመላሽ

የተልባውን አረጋግጣለሁ፣ ትክክል ነው። ከዱቄቱ ሩቡን ደሞ በጤፍ ዱቄት የቀየርኩበት ጊዜ አለ፣ ከጠቆረ ሙዝ ጋር የቀይ ጤፍ ጣዕም በጣም ይስማማል፣ ግን ጤፉ ውሃ እስኪጠጣ ሊጡ 15 ደቂቃ መቀመጥ አለበት፣ አለዚያ ይሻክራል። ሶዳውን ከዛ በኋላ መጨረሻ ላይ ነው የምጨምረው፣ ከተቀመጠ ጉልበቱ ያልቃል።

አያት_ኮንዶሚኒየም

ተመለስኩ! ዘጠኝ ቀን ሆነኝ አይደል፣ ሙዙ እስኪጠቁር እየጠበቅኩ ነበር። በመጀመሪያ ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ውሃውን አፍልቼ ቴርሞሜትሩን ከተትኩት፣ 91.8 ላይ ቆመ፣ ሲንተከተክ አምስት ደቂቃ ቆሜ አየሁት ንቅንቅ አላለም። እዛው ቆሜ አምስቱንም የደረቁትን አስታወስኩ፣ ሁሉንም ስጠብቅ ስጠብቅ ነው የገደልኳቸው። ዱቄቱንም መዘንኩት፣ እንደ በፊቱ ነክሬ ሞልቼ ሚዛን ላይ ሳደርገው 2 ካፑ 306 ግራም መጣ! ወንድሜ ኬክ ሠሪው ሳታየኝ ነው ያወቅክብኝ።

እንግዲህ ትናንት ጠዋት ጋገርኩት። 250 ግራም ዱቄት፣ 5 የጠቆረ ሙዝ ተልጦ 380 ግራም፣ ሶዳ ሦስት አራተኛ ጎደል ብሎ፣ ስኳር ሦስት አራተኛ ካፕ፣ ሩብ ካፕ እርጎ፣ ግማሽ ዘይት ግማሽ ለጋ ቅቤ። ኮባ ሾላ ገበያ ሄጄ አገኘሁ፣ ለብለብ ሳደርገው ሽታው ሲወጣ እናቴ ከመኝታ ቤት ሆና "ድፎ ነው እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። 25 ደቂቃ ሸፍኜ ከዛ ገለጥኩት። መሀል ላይ መብራት ሄዶ ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር፣ ኦቨኑን ሳልከፍት ጠበቅኩ፣ በስምንት ደቂቃ መጣ። 58ኛው ደቂቃ ላይ 89 ሲል አወጣሁት፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ ምክንያቱም ልቤ አሁንም ጥሬ ነው እያለኝ ነበር።

አልሰመጠም። ላዩ መሀል ለመሀል አንድ ስንጥቅ አለው ያምራል፣ ስቆርጠው ቢላዋው ላይ ትንሽ ይጣበቃል፣ በጣት ስጫነው ተመልሶ ይነሳል። እናቴ ሁለት ቁራጭ በላች፣ ቡናው ስኒዋ ውስጥ ቀዘቀዘ፣ አልነከረችውም። ዛሬ ጠዋት ደሞ ከጨርቁ ሳወጣው ከትናንቱ ይበልጥ ለስልሷል።

ሐዋሳ_ሐይቅ_ዳር

በጣም ደስ ይላል እህቴ፣ እናትሽን እድሜ ይስጥልን። እኔ ሐዋሳ ነኝ፣ ይሄ የአዲስ አበባ ልኬት ለኛም ይሠራል ወይስ መቀየር አለብኝ?

ከዱባይ_ተመላሽ

ሐዋሳ 1,700 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ከኛ ትንሽ ይቀላል፣ ውሃ እናንተ ጋ 94 ላይ ይፈላል። ሶዳውን ሙሉ ሦስት አራተኛ አድርጊው፣ ስኳሩን እንደዛው ተዪው፣ 180 ዲግሪ ላይ ጋግሪና 91 ሲል አውጪው። ግን መጀመሪያ ውሃ አፍልተሽ ቴርሞሜትርሽን እይው።