«አድማ መታ» ሲባል የሚመታው ማን ነው?

ብራና፦
ሰላም ቤቶች። ትናንት ልጄ ስታነብ «ሠራተኞቹ አድማ መቱ» የሚል ዓረፍተ ነገር ላይ ደረሰች። «አባ፣ አድማ ማን ነው? ለምን መቱት?» አለችኝ። ሳቅኩ፤ ከዚያ መልስ አጣሁ። ከበሮ ይመታል፣ ጥጥ ይመታል፣ ኳስ ይመታል። አድማ እንዴት ይመታል? እኔ ከእንግሊዝኛው «ስትራይክ» ቃል በቃል የተገለበጠ ይመስለኛል። እርማት ካላችሁ ወዲህ በሉ።

ሕግ አንባቢው፦
ከ«መታ» በፊት «አድማ»ን እንየው። ግሱ አደመ ነው፤ ዶለተ፣ በሰው ላይ አበረ እንደማለት። እናታችን ሽሮ አንበላም ብለን ስናኮርፍ «አደማችሁብኝ አይደል?» ትለን ነበር። ቃሉ ውስጥ ሥራም ፋብሪካም የለም። በወንጀል ሕግም አድማ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች ወንጀል ለመሥራት የሚያደርጉት ስምምነት ነው። ቃሉ ገና ከአፍ ሲወጣ ይከሳል ማለት ነው።
ለዚህ ይመስለኛል ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 «ሥራ ማቆም» የሚለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም እንደዚያው ነው። በአሠሪው በኩል ያለው ደግሞ «ሥራ መዝጋት» ይባላል። ሥራ የሚያቆም ወገን የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። እስቲ ንገሩኝ፣ የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ የሚሰጥበት ዱለታ የት አለ?

ከሀይፋ፦
ብራና፣ እንግሊዝኛው ራሱ ከዱላ ጋር አይገናኝም። በአውሮፓውያን 1768 ለንደን ላይ መርከበኞች በደመወዝ ተጣሉና የመርከቦቹን ሸራ አወረዱ። ሸራ ማውረድ በመርከበኛ ቋንቋ «ስትራይክ» ነው። ሸራው ካልተሰቀለ መርከቡ ንቅንቅ አይልም። ቃል በቃል ቢገለበጥ ኖሮ እኛም «ሠራተኞቹ ሸራ አወረዱ» እንል ነበር።
እዚህ እስራኤል ደግሞ በዕብራይስጥ «ሽቪታ» ይባላል። ከ«ሻባት»፣ ማለትም ከእኛው ሰንበት ጋር የአንድ ሥር ልጅ ነው። አክስቴ እንደመጣች ሰሞን ፌርማታ ቆማ ስትጠብቅ አንዱ «ሽቪታ ነው፣ አውቶቡስ የለም» ይላታል። «ኧረ ዛሬ ማክሰኞ ነው!» ብላ ልትጣላው ነበር።

ዱባይ ያለሁት፦
የዐረብኛው ግን ለብራና ያደላል። «ኢድራብ» ነው የሚሉት። ሥሩ «ደረበ»፣ መታ ማለት ነው! ሲረባ ግን «ተወ፣ ታቀበ» ይሆናል። እና መምታትም መተውም አንድ ቤት ያድራሉ።

ቀለሜ፦
በግእዝ አደመ «አማረ፣ ደስ አሰኘ» አይደለም እንዴ? አምሮበት ያደመ ሠራተኛ ልንል ነው?

ሕግ አንባቢው፦
ቀለሜ፣ የድምፅ መመሳሰል ዝምድና አይሆንም። በዚህ ከሄድን አድማስንም ልትጨምሪልን ነው።

የድሬ ልጅ፦
እኔ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ፤ ፈረንሳይኛውን ለእኔ ተዉት። «ግሬቭ» ይሉታል፤ አሸዋማ የወንዝ ዳር ማለት ነው። ፓሪስ በሴን ወንዝ ዳር በዚህ ስም የሚጠራ አደባባይ ነበር። ሥራ ያጣ ሰው እዚያ ቆሞ ቀጣሪ ይጠብቃል። ዛሬ የማዘጋጃ ቤቱ አደባባይ ነው። የሚገርመኝ፣ ለገሃርን የሰጠን ፈረንሳይኛ ይህንን አልሰጠንም። በቃ፣ አድማ ቦታውን ይዞ ጠበቀው።

ጋሽ ሽበት፦
ልጆች፣ ጨዋታችሁ ደስ ይላል። እኔ በ1966 አዲስ አበባ ተማሪ ነበርኩ። የካቲት 11 ቀን መምህራኑም ታክሲዎቹም ቆሙ። ታክሲዎቹን ያስቆማቸው የነዳጅ ዋጋ ነው። ሰማያዊና ነጭ ሰይቼንቶ የማይታይበት ከተማ እስቲ አስቡት፤ በእግራችን ነበር የምንሄደው። ከዚያ በ1955 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር፣ ኢሠአማ የምንለው፣ የካቲት 28 ቀን ጠቅላላ አድማ ጠራ። አራት ቀን ቆየ። አባቴ እስከዚያ «አድመኛ» የሚለውን ለስድብ ነበር የሚጠቀምበት። በዚያ ሳምንት ጎረቤታችን የፋብሪካ ሠራተኛ ሲያልፍ «አድመኛው፣ እንዴት ዋልክ?» ሲለው ሰማሁት፤ እየሳቀ።
ስለ «መታ» እኔ የማስጠጋው ከማገር ጋር ነው። ቤት ሲሠራ ማገር ይመታል። ምሰሶዎቹ ለየብቻ ቆመዋል፤ ማገሩ ሲመታ ይያያዛሉ። አድማም እንደዚያው ይመስለኛል። የግል ግምቴ ነው፣ ምስክር አትጥሩብኝ።

ቀለሜ፦
ጋሼ፣ ይሄኛውን ወደድኩት። ታዲያ ሥራ ሳያቆሙ እየተጎተቱ መሥራትስ?

ጋሽ ሽበት፦
እሱማ ልግም ነው። በሬው ቀንበር አልጣለም፣ አልተኛም፤ ግን ጅራፍ ቢያርፍበትም እርምጃው ያው ነው።

ሕግ አንባቢው፦
አዋጁ እኮ ሥራ ማቀዝቀዝንም ከሥራ ማቆም ይቆጥረዋል። በሬዎ 10 ቀን አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ነበረበት፣ ጋሼ።

ብራና፦
የማገሩን ለልጄ ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና «ታዲያ አንድ ሰው ብቻውን አድማ መምታት ይችላል?» አለችኝ። ይኸው ደግሞ፣ ተመልሻለሁ።