የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ጥቃቅን ስዊች፦ በእጅ ስሌት 22 ቮልት፣ በሲሙሌሽን 74 ቮልት

ጠያቂ (ባሕር ዳር)፦
ጤና ይስጥልኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ በ10 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ካፓሲቲቭ ስዊች (ድልድዩ ከፍ ሲል ሲግናሉን የሚያሳልፍ፣ በቮልቴጅ ተስቦ ሲወርድ የሚያግድ) እየነደፍኩ ነው። ሁለቱ ጫፎቹ የተያዙ የወርቅ ድልድይ ሲሆን ርዝመቱ 300፣ ወርዱ 100፣ ውፍረቱ 1 ማይክሮሜትር ነው፤ መካከሉ ሥር 100 በ100 የሆነ ኤሌክትሮድ በ3 ማይክሮሜትር ክፍተት ተቀምጧል። የወርቅን የመለጠጥ መጠን (ያንግስ ሞዱለስ) 80 ጊጋፓስካል አድርጌ ሳሰላ ግትርነቱ 5.2 ኒውተን በሜትር፣ ድልድዩ ተስቦ የሚወድቅበት ቮልቴጅ ደግሞ 22 ገደማ ሆነ። ጓደኛዬ በሲሙሌሽን ሲሠራው ግን 74 አካባቢ ወጣለት። በእርሱ ፋይል ላይ 60 ሜጋፓስካል የመነሻ ውጥረት ተሞልቷል፤ ይህ ብቻውን ያን ያህል ልዩነት ያመጣልን? በተጨማሪም የጣና ዳር የክረምት እርጥበትና የ1,800 ሜትር ከፍታው ሳሳ ያለ አየር በንድፉ ሊታሰቡ ይገባልን?

ምላሽ 1፦
አዎን፣ ያመጣል። መታጠፍን ከመቃወም የሚገኘው ግትርነት ውፍረቱ ለርዝመቱ ባለው ጥምርታ ኩብ ሲቀንስ፣ ከውጥረት የሚገኘው ግን በጥምርታው ልክ ብቻ ስለሚቀንስ፣ እንዲህ ባለ ቀጭንና ረጅም ድልድይ ላይ ውጥረቱ ዋናው ነገር ይሆናል። በእርስዎ መጠኖች ከውጥረቱ ብቻ 56 ኒውተን በሜትር ገደማ ይመጣል፤ ድምሩ 61 ሲሆን ስሌቱ 74 ቮልት ይሰጣል። ወርቁ ሲነጠፍ የሚቀርበትን ውጥረት ዜሮ ማድረግ አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ክፍተቱን ወደ 2 ማይክሮሜትር ቢያጠቡት ወደ 40 ቮልት ይወርዳል።

ምላሽ 2፦
እኔ ክፍተቱን አልነካውም ነበር። ክፍተቱ ሲጠብ ድልድዩ ከፍ ባለበት ጊዜ ያለው ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅም) ከ30 ወደ 44 ፌምቶፋራድ ስለሚያድግ፣ ማለፍ የሚገባው ሲግናል የበለጠ ይባክናል። ጫፎቹን በተጣጠፈ ስፕሪንግ ማሰር ይሻላል፤ ውጥረቱም ይላላል፣ ግትርነቱንም 10 አካባቢ ማድረስ ይቻላል፣ ቮልቴጁም 30 ይሆናል። ግትርነቱን ግን ከዚያ በታች አያውርዱ። ድልድዩ የክፍተቱን ሲሶ ከወረደ በኋላ የኤሌክትሮዱ ስበት ስለሚያሸንፈው ተጣብቆ ይቀመጣል፤ የሚያነሣው ደግሞ 30 ማይክሮኒውተን ገደማ የሆነው የስፕሪንጉ ኃይል ብቻ ነው። ኤሌክትሮዱን በሚሸፍነው በ0.2 ማይክሮሜትር የሲሊከን ናይትራይድ ሽፋን (ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ንጣፍ) ላይ 30 ቮልት ሲያርፍ በሜትር 150 ሚሊዮን ቮልት ስለሚሆን፣ ሽፋኑ ቻርጅ እያጠራቀመ ይሄድና ቮልቴጁ ተነሥቶም ድልድዩ እንደተጣበቀ ሊቀር ይችላል። ድልድዩ ከወረደ በኋላ ቮልቴጁን ዝቅ አድርጎ መያዝና ፖላሪቲውን (የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ አቅጣጫውን) ማፈራረቅ ይረዳል።

ምላሽ 3፦
ስለ ከፍታው ብዙ አይጨነቁ፤ የአየር ዝልግልግነት በግፊት እምብዛም ስለማይለወጥ የስዊቹ ፍጥነት ብዙ አይነካም። እርጥበቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በገጽታው ላይ የሚያርፈው ስስ የውኃ ሽፋን ድልድዩን ያጣብቃል፣ ቻርጅ መጠራቀሙንም ያባብሳል፤ ስለዚህ ስዊቹ በደረቅ ናይትሮጅን መታሸግ አለበት። ማሸጊያው የሚጠይቀው ሙቀት የወርቁን ውጥረት ሊለውጠው ስለሚችል፣ ያ 60 ሜጋፓስካል ከመታሸጉ በፊት ያለው ነው ወይስ በኋላ ያለው፣ ጓደኛዎን ይጠይቁት።