መስመሩ ወደ ታች ከወረደ መኪናው ቁልቁል እየሄደ ነው ማለት ነው?

ተማሪ (ደብረ ሲና)

ሰላም ለሁላችሁ። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የፊዚክሱ የግራፍ ነገር አልገባኝ ብሏል። ባለፈው ፈተና ላይ አንድ ግራፍ መጣ፤ መስመሩ መጀመሪያ ይወጣል፣ ከዚያ ተኝቶ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ይወርዳል። «እንቅስቃሴውን ግለጽ» ይላል። ወዲያው የመጣልኝ የእኛው መንገድ ነው። ዳገት ወጣ፣ ሜዳ ላይ ሄደ፣ ከዚያ ጣርማበርን እንደምንወርደው ቁልቁል ወረደ ብዬ ጻፍኩ። ኤክስ ተደረገብኝ። ጓደኛዬ የተኛው መስመር ቆሟል ማለት ነው ይላል። የወንድሜ ደብተር ላይ ደግሞ የተኛ መስመር ማለት ፍጥነቱ አልተለወጠም የሚል አለ። ቆሟል ወይስ እየሄደ ነው? ፈተና ደርሷል፣ እባካችሁ አስረዱኝ።

መምህርት (ደብረ ብርሃን)

ሁለቱም ልክ ናቸው፣ የሚያወሩት ግን ስለተለያየ ግራፍ ነው። መስመሩን ለጊዜው ተወውና መጀመሪያ በቋሚው ላይ ምን እንደተጻፈ አንብብ። ርቀት ነው ወይስ ፍጥነት? ርቀት ከሆነና መስመሩ ከተኛ፣ ጊዜው እየሄደ ርቀቱ አልጨመረም፤ ስለዚህ ቆሟል። ፍጥነት ከሆነ ግን 40 ላይ የተኛ መስመር ማለት መኪናው በ40 እየሄደ ነው። እዚያ ቆሟል የምትለው ዜሮ ላይ ከተኛ ብቻ ነው።

የሚወርደውም እንደዚያው ነው። ፍጥነት ከሆነ እየቀነሰ ነው፣ ግን አሁንም ወደፊት እየሄደ ነው። ከመነሻው ያለው ርቀት ከሆነ ደግሞ እየተመለሰ ነው።

ዳገትና ቁልቁለት የመንገዱ ነው እንጂ የግራፉ አይደለም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሽ ይሆናል። የተጫነ አይሱዙ ከደብረ ሲና ተነስቶ ጣርማበርን ሲወጣ ስለሚያዘግም የርቀቱ መስመር ተኛ ይላል። ሜዳው ላይ ወጥቶ ሲፈጥን ነው መስመሩ ቀጥ ብሎ የሚነሳው። ተማሪዎቼ በየዓመቱ የሚሳሳቱት እዚችው ላይ ስለሆነ አይክፋህ።

ሹፌር

ልጄ፣ እኔ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት እመላለሳለሁ። ጋቢና ስትቀመጥ ዳሽቦርዱን እይ። የፍጥነቱ ቀስት አለ፣ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው አለ። ጣርማበርን ስወርድ ጉም ካለ በሁለተኛ ማርሽ ነው የምይዘው፤ ቀስቷ 20 ላይ ቁጭ ትላለች፣ ንቅንቅ የለም። ቆጣሪው ግን አንድ አንድ እያለ ይጨምራል። በየደቂቃው ቀስቷን ብትመዘግብ የተኛ መስመር ይወጣልሃል፣ ቆጣሪውን ብትመዘግብ ደግሞ የሚወጣ መስመር። መኪናው ያው አንድ መኪና ነው፣ መንገዱም ቁልቁለት ነው፣ የወረደ መስመር ግን የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ስመለስም ቆጣሪው ይጨምራል እንጂ ወደ ኋላ አይቆጥርም። የተሳለው ጠቅላላ የተጓዝኩት ከሆነ መስመሩ በጭራሽ አይወርድም።

መምህርት (ደብረ ብርሃን)

ልክ ብለዋል ጋሼ። ለዚህ ነው «ከመነሻው ያለው» የሚለውን የጨመርኩት።

ተማሪ (ደብረ ሲና)

ጋሼም ቲቸርም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በፍጥነቱ ግራፍ ከመስመሩ ሥር ያለው ስፋት ርቀቱን ይሰጣል ስለተባልን ከደብረ ብርሃን እስከ እኛ ሞከርኩት። 1 ሰዓት በ40 ሄድን፣ 15 ደቂቃ ቆምን፣ ከዚያ 40 ደቂቃ በ30። የመጀመሪያው 40 ኪሎ ሜትር ወጣ። የመጨረሻው ግን 30 በ40 ሲባዛ 1,200 ኪሎ ሜትር ሆነብኝ። ምን አጠፋሁ?

የኢንጂነሪንግ ተማሪ

1,200 ሲወጣ ወዲያው ጠርጥር፤ ከአዲስ አበባ መቀሌ እንኳ ያን ያህል አይርቅም። ፍጥነቱ በሰዓት ነው፣ አንተ ግን ያባዛኸው በደቂቃ ነው። 40 ደቂቃ የሰዓት ሁለት ሦስተኛ ነው። 30 በሁለት ሦስተኛ ሲባዛ 20 ኪሎ ሜትር። የቆማችሁበት መስመር ዜሮ ላይ ስለሆነ ሥሩ ምንም ስፋት የለውም። ድምሩ 60፣ እሱም ከእውነተኛው መንገድ ጋር ይቀራረባል።

አማካይ ፍጥነት ቢጠይቁህ ደግሞ 40 እና 30ን ደምረህ ለሁለት እንዳታካፍል። 60 ኪሎ ሜትሩን ለጠቅላላው ጊዜ፣ የቆማችሁበትም ተቆጥሮ፣ ለ1 ሰዓት ከ55 ደቂቃ አካፍል። ወደ 31 ይመጣልሃል። ሌላው፣ መኪና ፍሬን ሲይዝ መስመሩ ስለሚወርድ ስፋቱ ሦስት ማዕዘን ይሆናል። በሰከንድ 10 ሜትር እየሄደ በ5 ሰከንድ ቢቆም፣ የ50 ግማሽ 25 ሜትር ሄዶ ነው የቆመው። ይቺን ብዙ ሰው ግማሹን ረስቶ 50 ይላታል።

ተማሪ (ደብረ ሲና)

አሁን ገባኝ። የፈተና ወረቀቴን አውጥቼ አየሁት፤ ቋሚው ላይ «ከቤት ያለው ርቀት» ይላል። ያኔ አላነበብኩትም። መስመሩ መጨረሻ ላይ ዜሮ ይነካል። ሄደ፣ ቆመ፣ ከዚያ ተመልሶ ቤቱ ገባ።