የፈንጣጣ ክትባት «አልያዘም» የሚባለው መቼ ነው?

ጥያቄ፦ የፈንጣጣ ክትባት እንደ ሌሎቹ በሲሪንጅ አይሰጥም ሲባል እሰማለሁ። ታዲያ እንዴት ነው? ክትባቱ መያዝ አለመያዙስ (መሥራት አለመሥራቱ) በምን ይታወቃል?

መልስ 1፦ ጫፉ እንደ ሹካ ለሁለት በተከፈለ መርፌ ነው። ፈሳሹ ውስጥ ሲነከር በሁለቱ ጥርሶች መካከል 0.0025 ሚሊ ሊትር ገደማ ይዞ ይወጣል። መርፌውን ለቆዳው ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ የላይኛው ክንድ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ቦታ 15 ጊዜ ቶሎ ቶሎ መውጋት። ከ15 እስከ 20 ሴኮንድ ውስጥ ትንሽ ደም ብቅ ካላለ አወጋጉ ላልቷል። (አዲሱ፣ ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ የማይራባው ኤምቪኤ የሚባል ክትባት ግን በሲሪንጅ ነው።)

መልስ 2፦ ክትባቱን ከሚያበላሹት አንዱ ቆዳ የሚጸዳበት አልኮል ነው። በክትባቱ ውስጥ ያለው ቫክሲኒያ የሚባል ሕያው ቫይረስ ነው፤ የፈንጣጣው ቫሪዮላ ሳይሆን ዘመዱ። ያልደረቀ አልኮል ይገድለዋል። ቆዳው ካልቆሸሸ በአልኮል አለመንካት ይሻላል። ከ6ኛው እስከ 8ኛው ቀን መግል የቋጠረ እብጠት ከታየ ይዟል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቀልቶና አሳክኮ ብቻ ከጠፋ እንደያዘ አይቆጠርም፤ ይደገማል።

መልስ 3፦ ቅርፊቱ እስኪወድቅ፣ 3 ሳምንት ገደማ፣ ቁስሉ ቫይረስ ያወጣል። ይሸፈን። ነክቶ ዓይን ማሸት በጣም አደገኛ ነው።

ጠያቂ፦ ለበሽታው ከተጋለጡ በኋላስ ይጠቅማል?

መልስ 1፦ በ4 ቀን ውስጥ ከተሰጠ አዎ፤ ባይከላከል እንኳ ያቀልለዋል። በሽታው ምልክት እስኪያሳይ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ስለሚወስድ መከላከያው ይቀድመዋል።