አንድ ሴሚስተር በስፔን፦ ለጎንደር የሕግ ተማሪ ምን ይጠቅማል?

የማራኪዋ ተማሪ

ጤና ይስጥልኝ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ግቢ፣ የሦስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ። በአራተኛው ዓመት አንዱን ሴሚስተር በስፔን የሕግ ፋኩልቲ ለመማር አስቤ ቋንቋውን መማር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ስፓኒሽን የመረጥኩት ወደፊት በሰብዓዊ መብት ሕግ ላይ መሥራት ስለምፈልግ ነው። መቀመጫው በኮስታ ሪካ ዋና ከተማ በሳን ሆሴ የሆነው የኢንተር አሜሪካ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ሰዎችን አስገድዶ ስለ መሰወርና ስለ ነባር ሕዝቦች የመሬት መብት የሰጣቸው ፍርዶች በአብዛኛው በዚህ ቋንቋ የተጻፉ ናቸው፤ የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽንም በኬንያው የኢንዶሮይስ ማኅበረሰብ ጉዳይ ሲወስን በእነዚህ ፍርዶች ላይ ተመርኩዟል።

ቤተሰቦቼ ግን «የሰው አገር ሕግ ተምረሽ እዚህ ችሎት ፊት ምን ትይበታለሽ?» ይሉኛል። ጥያቄያቸው ተገቢ ስለሆነ መልስ ሳልይዝ መሄድ አልፈልግም። እዚያ የወሰድኩት ትምህርት እዚህ ይያዝልኛል ወይ? የመውጫ ፈተናዬንስ ይጎዳብኛል? ወጪውስ በእኛ አቅም የሚቻል ነው? የምታውቁ ብትመልሱልኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ጠበቃ ከአራዳ

እኅቴ፣ ከቤተሰቦችሽ ጥያቄ ልጀምር፤ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነውና።

ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ሆነ እ.ኤ.አ. በ1889 የወጣው የስፔን የፍትሐ ብሔር ሕግ ሥረ መሠረታቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ከ1804ቱ የፈረንሳይ ሕግ ብዙ ወስደዋል። ስለዚህ የስፔንን የግዴታዎች ሕግ ስታነቢ እንግዳ ቤት አትገቢም። የሚጠቅምሽ ግን ሁለቱ የተለያዩበት ቦታ ነው። የስፔኑ አንቀጽ 1261 ውል ለመኖሩ ስምምነትን፣ ጉዳይንና የግዴታውን ምክንያት (ተዋዋዩ ግዴታውን የገባው ለምን እንደሆነ) ይጠይቃል። የእኛው አንቀጽ 1678 ደግሞ ችሎታንና ጉድለት የሌለበትን ፈቃድ፣ እርግጠኛ፣ የሚቻልና ሕጋዊ የሆነ ጉዳይን፣ ሕግ ባዘዘ ጊዜም ፎርምን ይጠይቃል እንጂ ምክንያትን እንደ መሥፈርት አልተቀበለም፤ አርቃቂው ሆን ብለው ትተውታል። ፈረንሳይ ራሷ ምክንያትን ከውል መሥፈርቶች ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2016 ባደረገችው ማሻሻያ ነው። ሕጋችን በዚህ ረገድ ከምንጩ ስንት ዓመት እንደቀደመ የሚገባሽ፣ ምክንያትን ዛሬም ድረስ በሚያስተምር ፋኩልቲ ውስጥ ተቀምጠሽ ዳኞቹ በምን ላይ እንደሚከራከሩ ስታዪ ነው። ወደዚህ ተመልሰሽ ስለ ሕገ ወጥ ውል ስትከራከሪ «ይህ ነገር በሕጋችን የትኛው አንቀጽ ሥር ይወድቃል?» ብሎ መጠየቅ ልማድ ይሆንሻል። ለጠበቃ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው ሕገ መንግሥት ነው፤ እኔ ብሆን ለዚህ ብቻ እንኳ እሄድ ነበር። የ1978ቱ (እ.ኤ.አ.) የስፔን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 2 የአገሪቱን የማይነጣጠል አንድነት ደንግጎ፣ በዚያው አንቀጽ ለብሔረሰቦችና ለክልሎች ራስን የማስተዳደር መብት ይሰጣል፤ የእኛው አንቀጽ 39 ደግሞ እስከ መገንጠል ይደርሳል። እነሱ ክርክሩን የሚፈቱት አሥራ ሁለት ዳኞች ባሉት ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ሲሆን፣ እኛ ግን በሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ በኩል ለፌዴሬሽን ምክር ቤት እናቀርባለን። ማዕከላዊው መንግሥት ግዴታውን ያልተወጣን ክልል እንዲያስገድድ የሚፈቅደውንና እ.ኤ.አ. በ2017 በካታሎኒያ ላይ ሥራ ላይ የዋለውን አንቀጽ 155፣ የፌዴራል መንግሥት በክልሎች ጣልቃ ስለሚገባበት ሥርዓት ከወጣው ከእኛው አዋጅ ቁጥር 359/1995 ጋር አነጻጽሮ ማጥናት በአገራችን ለሚኖር የሕግ ሰው የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

የሥነ ሥርዓት ሕግን፣ የማስረጃ ሕግንና የሰበር ውሳኔዎችን የሚመለከቱትን ኮርሶች ግን በምንም ምክንያት እዚያ ለመተካት አትሞክሪ። የመውጫ ፈተናው የሚጠይቅሽ የኢትዮጵያን ሕግ ነው።

ሰነድ አዋቂ

ስለ ክሬዲቱና ስለ ገንዘቡ ላክልበት። በራስ ወጪ መሄድ ለአብዛኞቻችን አይታሰብም። የሚታሰበው መንገድ የአውሮፓ ኅብረት ኢራስመስ ፕላስ የሚባለው መርሐ ግብር ሲሆን፣ ከአውሮፓ ውጭ ያሉ ተማሪዎችም ለአንድ ሴሚስተር ይሳተፉበታል፤ ሆኖም በሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች መካከል አስቀድሞ የተፈረመ ስምምነት መኖር አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ዩኒቨርሲቲው የውጭ ግንኙነት ቢሮ ሄደሽ ከየትኛው የስፔን ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ ለየትኛው የትምህርት ዘርፍ ስምምነት እንዳለ ጠይቂ፤ ለጤና ሳይንስ የተፈረመ ስምምነት ለሕግ ላይሠራ ይችላል። ዕድሉ ከተገኘ ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅሽም፤ እንደ አገሩ የኑሮ ደረጃም በወር ከ800 እስከ 900 ዩሮ ይሰጣል፤ የጉዞ ድጎማም አለው።

ከመሄድሽ በፊት አንቺ፣ ትምህርት ክፍልሽና ተቀባዩ ፋኩልቲ የምትፈርሙት የትምህርት ስምምነት አለ። የአንድ ሙሉ ሴሚስተር ጭነት በአውሮፓው አቆጣጠር 30 ክሬዲት ነው፤ የትኛው የስፔን ኮርስ የትኛውን የእኛ ኮርስ እንደሚተካ በስም ይጻፍ። የቃል ተስፋ ይዞ ሄዶ ሲመለስ ሴሚስተሩን እንደገና የተማረ ልጅ አውቃለሁ።

ቪዛው የሚጠየቀው አዲስ አበባ ላለው የስፔን ኤምባሲ ነው። የመቀበያ ደብዳቤ፣ የጤና መድን፣ እንዲሁም ለእያንዳንዱ ወር ቢያንስ 600 ዩሮ እንዳለሽ የሚያሳይ ማስረጃ ይፈለጋል፤ የድጎማው ደብዳቤ ለዚህ ያገለግላል። ሰነዶችሽን ለማረጋገጥና ለማስተርጎም የሚወስደውን ጊዜም አትርሺ። የእነሱ የመጀመሪያ ሴሚስተር ከመስከረም እስከ ጥር፣ ሁለተኛው እስከ ሰኔ ስለሆነ ከእኛ የትምህርት ዘመን መቁጠሪያ ጋር አስተያይተሽ ምረጪ።

የኩባው

ልጄ፣ እኔ ሕግ አላጠናሁም፤ ስለ ቋንቋው ግን የምለው አለኝ። አባቶቻችንን በሶማሊያ ጦርነት ካጣን በኋላ በልጅነታችን ወደ ኩባ፣ ወደ ወጣቶች ደሴት ከተላክነው ኢትዮጵያውያን አንዱ ነኝ፤ ያደግሁትም የተማርኩትም በስፓኒሽ ነው።

ቋንቋው እንደ ተጻፈ የሚነበብ ስለሆነ ንባብ ቶሎ ይከፈትልሻል። አስቸጋሪው መስማት ነው። መምህሩ በፍጥነት ሲያስረዳ ተከትሎ ማስታወሻ መያዝ ሌላ ልምምድ ይፈልጋል፤ በቀላል የዕለት ንግግር ብቻ ተማምነሽ ሕግ ክፍል አትግቢ። የስፔን ሕገ መንግሥት 169 አንቀጽ ነው፤ ጉዳዩን ከኮርስሽ ስለምታውቂው ከእሱ ብትጀምሪ ቃላቱ ራሳቸው ይገልጡልሻል፤ እንደ ነጋሪት ጋዜጣችን ያለው የመንግሥት ጋዜጣቸውም ሕጎቹን በነጻ በኢንተርኔት ያወጣል። የምትወጂው የሳን ሆሴው ፍርድ ቤት ደግሞ የቃል ክርክሮቹን በቪዲዮ ያስተላልፋል፤ ዳኛው ሲጠይቅ፣ ጠበቃው ሲመልስ መስማት ከማንኛውም የቋንቋ መጽሐፍ ይበልጥ ያዘጋጅሻል። ባርሴሎናን ከመረጥሽ አንዳንዱ ትምህርት በካታላንኛ እንደሚሰጥ እወቂ፤ ሳላማንካ ወይም ማድሪድ ይሻልሻል።

ጎንደር ውስጥ ከእኔ ሌላም ከኩባ የተመለሱ ሰዎች አይታጡም። በስፓኒሽ የሚያወራቸው ሰው ካገኙ ደስታቸው ነውና ፈልገሽ አናግሪያቸው።

የማራኪዋ ተማሪ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ በኩባ ስለ ተማሩት ወገኖቻችን ሰምቼ ነበር፤ አሁንም ከእኛው ጋር በከተማችን እንዳላችሁ ግን አላሰብኩም፤ ከፈቀዱልኝ እጠይቅዎታለሁ። የውል ሕጉን ነገር ለአባቴ አነበብኩለት፤ ዝም ብሎ ካዳመጠ በኋላ የአንቀጽ 1678ን ቅጂ አምጪልኝ አለኝ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ፦ ሕገ መንግሥትን አስቀድሜ እዚህ ስለወሰድኩ እዚያ ድጋሚ ብወስደው በምን ይያዝልኛል?

ጠበቃ ከአራዳ

ድጋሚ ተብሎ ውድቅ እንዳይሆን በምርጫ ኮርስ ቦታ እንዲያዝ ጠይቂ። የስፔኑን ኮርስ ዝርዝር ይዘት አስተርጉመሽ ከማመልከቻሽ ጋር አያይዢና ትምህርት ክፍሉ በቃለ ጉባኤ እንዲወስን አድርጊ። የቃለ ጉባኤውን ቅጂም ከመሄድሽ በፊት ለሬጅስትራር አስገብተሽ የተቀበሉበትን ማኅተም አስመቺበት።