«ለብልጥ ሰው ውጭ አገር ርካሽ ነው» ላላችሁት

የማታ ፈረቃ፦
ትናንት እዚሁ አንድ ሰው «ለብልጥ ሰው ውጭ አገር ርካሽ ነው፤ ተወደደብኝ የሚል ገንዘብ አያያዝ የማያውቅ ነው» ብሎ ጽፏል። ብዙ ሰው ደግሞ ላይክ አድርጎለታል። በጣም ነው ያናደደኝ። ልብስ ርካሽ ነው፣ እሺ። ቴሌቪዥን ርካሽ ነው። ያገለገለ ሶፋማ መጥቶ የሚያነሳው ከተገኘ በነጻ ይሰጣል። ግን የደመወዜ ግማሽ የሚጠጋው ለቤት ኪራይ ነው የሚሄደው። የቀረው ላይ መብራት፣ ማሞቂያ፣ ትራንስፖርት፣ ኢንሹራንስ አለ። በየትኛው ብልጠት ነው ይሄን የምቀንሰው?

ሐቀኛ፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እደግመዋለሁ። ከከተማው መሃል ካልኖርኩ የሚል፣ ስልክ በየጊዜው በብድር የሚቀይር ሰው ስለ ኑሮ ውድነት አያውራኝ። ድሮ ቤተሰብ ጋ ለመደወል ካርድ እየተገዛ በደቂቃ ይቆጠር ነበር። ዛሬ በኢንተርኔት ፊት ለፊት እየተያየህ ታወራለህ። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ አገር ተሻግረህ ስትጓዝ እንኳ በሌላ አገር ኔትወርክ ስልክ ስትጠቀም የሚጨመርብህ ሒሳብ (ሮሚንግ) ቀርቷል። ቤተ መጻሕፍት አለ፣ መናፈሻ አለ፣ ብዙ ከተማ ውስጥ የቋንቋ ትምህርት በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ ይሰጣል። ማን ይጠቀምበታል?

የመንታ እናት፦
«ለብልጥ ሰው» ያልከውን አልተውልህም። እኔና ባለቤቴ ስልካችን የቆየ ነው፣ የምንኖረውም ከከተማ ዳር ነው። ሁለት ሕፃናት ማቆያ ስናስገባ የአንዳችን ደመወዝ እንዳለ እዚያ ቀረ። ስለዚህ እኔ ሥራ አቆምኩ። ልጅ የሚይዝልኝ ዘመድ አጠገቤ የለም። አያት የሌለው ሰው እንክብካቤን በሰዓት ነው የሚገዛው። እስቲ ብልጥ ብሆን ምን አደርግ ነበር? ንገረኝ።

ሒሳብ ወዳድ፦
እህቴ ያነሳችው የነገሩ ዋና ቦታ ነው። ሁለት ኢኮኖሚስቶች፣ ባውሞልና ቦወን፣ በ1966 እ.ኤ.አ. የጻፉት ሐሳብ አለ። ፋብሪካ በማሽን እየታገዘ በአንድ ሰዓት ብዙ ያመርታል፣ ዕቃው ይረክሳል። ሞግዚቷ ግን ዛሬም በአንድ ጊዜ የምትይዘው ጥቂት ልጆችን ብቻ ነው። ደመወዟ ግን ከሌላው ሠራተኛ ጋር አብሮ መጨመር አለበት፣ አለዚያ ሥራውን ትታ ትሄዳለች። ስለዚህ የእሷ አገልግሎት እየተወደደ ይሄዳል። ፀጉር ቆራጭም፣ ቧንቧ ሠራተኛም፣ የጥርስ ሐኪምም እንደዚሁ። ልብሱ ለምን ረከሰ? ከ1956 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮንቴይነር መጥቶ የመርከብ ጭነት ወጪን አወረደው። በ2005 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሀብታም አገሮች ከውጭ በሚገባ ልብስና ጨርቅ ብዛት ላይ የጣሉት ገደብ (ኮታ) ተነሣ። ቲሸርቱን የሰፋችው ሴት ኪራይ የምትከፍለው ሌላ አገር ነው። ፀጉርህን የሚቆርጥህ ግን እንዳንተው እዚሁ ይከፍላል። ይሄ ከማንም የገንዘብ አያያዝ ጋር አይገናኝም።

ሐቀኛ፦
ፀጉርህን ራስህ ቁረጥ። እኔ ማሽን ገዝቼ እቆርጣለሁ።

የማታ ፈረቃ፦
ወንድሜ፣ እሷ ስለ ልጅ እያወራች አንተ ስለ ፀጉር ትመልሳለህ።

ጋሼ መካኒክ፦
ልጆች፣ ተረጋጉ። ሐቀኛ ያለው ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። እጁን የሚያንቀሳቅስ ሰው እዚህ ብዙ ያተርፋል። ያገለገለ መኪና ገዝቶ ፍሬኑን ራሱ የሚቀይር ልጅ፣ ጋራዥ ከሚወስደው ጋር ወጪው አይገናኝም። መለዋወጫው ርካሽ ነው፤ ውዱ የመካኒኩ ሰዓት ነው። ይሄን የምለው እኔው በሰዓት የማስከፍለው ሰውዬ ነኝ።

የማታ ፈረቃ፦
ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ፤ መኪናው ግን ርካሽ ሆኖ ኢንሹራንሱስ? አገር ቤት ስንት ዓመት ያለ አደጋ ብነዳም እዚህ አልተቆጠረልኝም። እንደ ጀማሪ ነው ያስከፈሉኝ። ከመኪናው ዋጋ በላይ ሆነ እኮ!

ጋሼ መካኒክ፦
እሱ ላይ እውነትህን ነው። አዲስ ገቢ ሁሉ ይሄን ይከፍላል።

አዲስ ገቢ፦
ስሜን ስለጠሩት ልግባ። እኔን የከበደኝ መግቢያው ነው። ለቤቱ ዲፖዚት (ለአከራዩ የሚሰጥ መያዣ ገንዘብ)፣ ለሰነድ ትርጉም፣ ለመኖሪያ ፈቃድ፣ ለማረጋገጫ። ጀርመን ላይ ሕጉ ዲፖዚትን እስከ ሦስት ወር ኪራይ ይፈቅዳል። ገና ደመወዝ ያላየ ሰው ከየት ያመጣዋል? የክሬዲት ታሪክ፣ ማለት ብድርና ሒሳብ በወቅቱ እንደምትከፍል የሚያሳይ መዝገብ፣ ስለሌለህ ዋስ አምጣ ትባላለህ። እንግሊዝ ያለችው እህቴ ደግሞ ሕክምና ነጻ ነው ተብላ ነበር። ነጻ ሕክምናው ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ ግን ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ አብዛኛው የረጅም ጊዜ ቪዛ አመልካች የጤና ክፍያውን ገና ሳይገባ ነው የሚከፍለው።

ሐቀኛ፦
ዲፖዚት ይመለሳል። ወጪ ብለህ አትቁጠረው።

አዲስ ገቢ፦
የሚመለሰው ስወጣ ነው። የተበደርኩት ሰው ገንዘቡን የሚፈልገው ዛሬ ነው።

የመንታ እናት፦
ስለ ገንዘብ መላክ ለምን ማንም አያነሳም? ለእናቴ በላክሁ ቁጥር የአገልግሎት ክፍያ አለ፣ ምንዛሬው ላይም ይቀንሱብኛል። የዓለም ባንክ መረጃ የመላኪያ ወጪውን አማካይ ከሚላከው ገንዘብ ወደ 6 በመቶ ያደርሰዋል። አገሮች በ2030 እ.ኤ.አ. ከ3 በመቶ በታች እናደርጋለን ብለው የተስማሙት በ2015 እ.ኤ.አ. ነበር። እስካሁን የለም።

ሐቀኛ፦
መላክ ግን የኑሮ ውድነት አይደለም። ፈቅደሽ የምትልኪው ነው።

የመንታ እናት፦
እናቴን ነው ያልኩት! ይሄንንም ብልጠት ማጣት ልትለው ነው? እኔ ላክሁ እንጂ አልተጃጃልኩም።

ጋሼ መካኒክ፦
ሐቀኛ፣ ይሄኛውን ቃል አንሳ። እናት ላይ አይደረስም።

ሐቀኛ፦
ጋሼ፣ እናቷን አልነካሁም። እኔም ለእናቴ እልካለሁ። ያልኩት ይሄ ነው፦ ገቢያችን ከአገሬው ሰው እኩል ሆኖ ሁለት ቤት ስለምናስተዳድር ነው የሚከብደን። አገሩ ተወደደ ማለት ሌላ ነገር ነው።

ሒሳብ ወዳድ፦
ገቢያችን እኩል ነው ያለህ ማን ነው? ዲግሪያችንን የተቀበለን ስንቶቻችንን ነው?

የማታ ፈረቃ፦
እኔ ኢንጂነር ነኝ፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እደረድራለሁ። ሐቀኛ፣ አንተ ምን ሠርተህ ነው የምትኖረው? ኪራይስ ትከፍላለህ ወይስ ከዘመድ ጋር ነህ?

ሐቀኛ፦
ከወንድሜ ጋር ነው የምኖረው። ኪራዩን ለሁለት እንካፈላለን። እናንተም ተካፈሉ፤ ምን ይከለክላችኋል?

የመንታ እናት፦
ሁለት ሕፃን ይዤ ክፍል የሚያጋራኝ ሰው ካለ አድራሻውን በውስጥ ላክልኝ። ከልቤ ነው የምልህ፣ እጠብቃለሁ።