ኤሲው ሞቃት አየር ይነፋል፤ አዋሽ ላይ ቆመናል፣ እርዱን

መንገደኛዋ፦ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ወደ ድሬዳዋ ስንሄድ አዋሽ ሰባት ላይ ቆመናል። የኮሮላችን ኤሲ ሞቃት አየር ብቻ ይነፋል። እናቴ የደም ግፊት አለባት፣ በጣም ደክማለች። ጋዝ ከተሞላ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው፤ አልቆ ይሆናል። እዚህ የሚሞላ ታውቃላችሁ?

ባለ ቪትዙ፦ ጋዝ አስሞዪ። የእኔም እንዲሁ ሆኖ ጋዝ ሲገባለት ተስተካክሏል።

መምህሩ፦ መሠረቱን እንረዳ። ኤሲ ቅዝቃዜ አይፈጥርም፤ ከውስጥ ሙቀት ወስዶ ውጭ ይጥላል። ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ሲጨምቀው ይግላል። ራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር ሙቀቱን ለነፋስ አስረክቦ ጋዙን ፈሳሽ ያደርገዋል። ፈሳሹ በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ከክሩስኮቱ ኋላ ሲተን ሙቀት ይስባል። በብዙዎቹ መኪኖቻችን ያለው አር 134 ኤ በተራ የአየር ግፊት የሚፈላው ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ ነው። ስለዚህ...

የሐረር ልጅ፦ መምህር፣ ትምህርቱ ይቆየን፤ እናት ሙቀት ላይ ናቸው። እህቴ፣ አሁኑኑ ጥላ ሥር አስቀምጫቸው። ውሃ ይጠጡ፣ አንገታቸውንና ብብታቸውን በእርጥብ ጨርቅ አብሺላቸው። ንግግራቸው ከተዛባ ወይም ካስመለሳቸው መኪናውን ትተሽ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ተሟጋች፦ «ጋዝ አለቀ» የሚለውን አልቀበልም። ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም፤ ዙሪያው የተዘጋ ነው። ከቀነሰ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልጉ መሙላት ገንዘብ መበተን ነው።

መንገደኛዋ፦ ባለጋራዡ በየዓመቱ ይሞላል ብሎኛል። እናቴ ዛፍ ሥር ተቀምጣለች፣ ተሽሏታል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ተሟጋች፦ በየዓመቱ የሚሞላ ከሆነ በየዓመቱ ያፈሳል። በመገጣጠሚያዎቹ ላይ የዘይት ወዝ ፈልጊ፤ ጋዙ ሲወጣ ዘይቱንም ይዞ ይወጣል።

ባለ ቪትዙ፦ ጋዝ አስሞዪ፤ ሌላ ነገር የለውም።

የድሮ ጋራዥ፦ ልጄ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ። በፍጥነት ስትሄዱም ይሞቃል ወይስ ስትቆሙ ብቻ?

መንገደኛዋ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ይህን መጻፍ ነበረብኝ። ስንሄድ ይቀዘቅዛል። መተሐራ ላይ ከከባድ መኪና ኋላ ስንቆም ነው የጀመረው። አሁን እንደቆምን ሞተሩ እየሠራ ነው፤ የሙቀት መርፌው ከመሐል ትንሽ አልፏል።

የድሮ ጋራዥ፦ እንግዲያውስ ጋዙን ተዪው፤ ፋኑን እይ። ስትሄዱ ነፋሱ ኮንደንሰሩን ያቀዘቅዘዋል፤ ስትቆሙ ያ ሥራ የፋኑ ነው። አዲስ አበባ ከአዋሽ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል የአየሩ ቅዝቃዜ ጉድለቱን ሸፍኖታል። ኤሲው እንደበራ ኮፈኑን ክፈቺ፤ እጅሽንና ነጠላሽን አርቂ፣ ፋኑ ሳይታሰብ ሊነሳ ይችላል። ካልዞረ ሞተሩን አጥፊና በፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ የፋኑን ፊውዝ ፈልጊ። ተቃጥሎ ከሆነ በዚያው አምፔር ቀይሪ፤ ከፍ ያለ እንዳታስገቢ፣ ሽቦ ያቃጥላል። ደህና ከሆነ የፋኑን ሪሌ (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ትንሽ ሳጥን) ተመሳሳይ ቁጥር ካለው፣ ለምሳሌ ከጡሩምባው፣ ጋር አቀያይረሽ ሞክሪ። አዲሱ ፊውዝ ወዲያው ከተቃጠለ የፋኑ ሞተር ተይዞ ይሆናል።

መንገደኛዋ፦ አይዞርም! ሦስት ጊዜ አየሁት።

የሐረር ልጅ፦ ፊውዝ ካጣሽ የከባድ መኪና ሾፌሮችን ጠይቂ፤ ትርፍ ይዘው ነው የሚጓዙት።

የድሮ ጋራዥ፦ ካልተሳካ ቀኑ እስኪበርድ ጠብቁ። በቆማችሁ ቁጥር ኤሲውን አጥፊ፤ መርፌው ወደ ቀይ ከተጠጋ ሞተሩንም አጥፊ። ትኩስ ራዲያተር እንዳትከፍቺ።

መንገደኛዋ፦ አንድ የሲኖትራክ ሾፌር ሳጥኑን እያየልን ነው።

ባለ ቪትዙ፦ የእኔም ስቆም ይሞቅ ጀምሯል። እኔስ ፋኑን ልይ?

የድሮ ጋራዥ፦ እይ እንጂ። ልጄ፣ ድሬ ገባችሁ? እናትሽስ እንዴት ሆኑ?